ጎረቤላ ሲነጋ፣ ዋሽንግተን ሲመሽ፦ ገናን ከአገር ርቆ ለሚያከብር ሰው የቀረበ መመሪያ

ታኅሣሥ 28 ቀን አመሻሹ ላይ ጎረቤላ ውስጥ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ በተቀመጠችው በዚህች የአንኮበር ወረዳ ከተማ ብርዱ ጀንበር ሳትጠልቅ ይጀምራል። አንዱ አልሄድም ያለ በግ ይጎትታል። ሌላዋ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ሰፌድ ሊዋስ ወደ ጎረቤት የተላከው ልጅ ሰፌዱን ረስቶ ወሬ ይዞ ይመለሳል።

በዚያው ሰዓት ዋሽንግተን ዲሲ ገና ረፋድ ነው። ከጎረቤላ የሄደችው ልጅ ሥራ ላይ ናት። ፈረንጆቹ በዓላቸውን ከጨረሱ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው፤ የገና ዛፋቸው ደርቆ ከቆሻሻ ጋር መንገድ ዳር ወጥቷል። ነገ ገና መሆኑን በመሥሪያ ቤቱ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ብዙ ሰው በዓል ሲደርስ የናፈቀው ዶሮ ወጥ ይመስለዋል። ዶሮ ወጥማ በዲሲ፣ በለንደንና በዱባይ ሐበሻ ምግብ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። የማይሸጠው ሽር ጉዱ ነው፦ መላክና መላላኩ፣ “ጨው አነሰው” መባባሉ፣ ደክሞ አብሮ መቀመጡ። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዓሉን የሚይዘው እንደ አንድ ቀን ድግስ አይደለም፤ ከኅዳር እስከ በዓሉ ማግስት የሚዘልቅ ሥራ አድርጎ ነው። ሁሉንም ማሟላት የግድ አይደለም። የሚመችዎትን ይውሰዱ።

1. ቀኑን አስቀድመው ይያዙ

ገና በዘመናችን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። በእኛ ግን አንዳንዴ ይቀያየራል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዚያ ዓመት ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ሲሆን በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ታኅሣሥ 29 ነው። ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም. በዓሉ ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ዓርብ ታኅሣሥ 28። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውል ስለማይጾም “ዓርብ ነውና ሥጋ እንዴት ይሆናል?” ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

በሁለት ገናዎች መካከል የመኖርን ነገር አንኮበር ከጥንትም ታውቀዋለች። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እዚያ ተቀምጧል። ከእርሱ በኋላ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ ነበራቸው፤ መሪያቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪም በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው አርፏል። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ገና ሲደርስ አገሬው ጾም ላይ ነበር። ያኔ በሁለቱ በዓላት መካከል የነበረው ልዩነት 12 ቀን ነው፤ ዛሬ 13 ደርሷል። ዛሬ በተራው የአንኮበር ልጅ በሰው አገር ተቀምጦ ያንኑ ልዩነት ይቆጥራል።

2. ፈቃድዎን በኅዳር ይጠይቁ

ከሁሉ የሚሠራው ዘዴ ልውውጥ ነው። ዲሴምበር 25 ቀን ማንም መሥራት አይፈልግም። ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሆቴል ወይም አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ ከሆነ “የዚያን ቀን እኔ እገባለሁ፤ ጃንዋሪ 7 ቀን እንዳርፍ ይሁን” ብለው ኅዳር ውስጥ ለአለቃዎ በጽሑፍ ያቅርቡ። ባልደረቦችዎ ያመሰግኑዎታል፤ እርስዎም ሌሊት ለማስቀደስና ቀን ለመተኛት ጊዜ ያገኛሉ። ከቻሉ የማግስቱንም ቀን ይጨምሩበት።

አሜሪካ ለሚኖር ሰው ሕጉም ያግዛል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የሃይማኖት ግዴታ ምክንያታዊ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዝዛል። በ2023 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ደግሞ አሠሪው “አይመቸኝም” ብሎ ብቻ መከልከል እንደማይችልና በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚደርስ ማሳየት እንዳለበት አጽንቷል። ጥያቄዎን ሲያቀርቡ “የግል ጉዳይ አለኝ” አይበሉ። “የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የልደት በዓል ነው” ብለው በስሙ ይጥሩት።

በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ነገር ይለያል። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች የቤት ሠራተኛ ሙሉ ቀን ላታገኝ ትችላለች። ቢሆንም ለማዳም ከሳምንት በፊት ቀኑን በስልክ ላይ እያሳዩ መንገርና “ሁለት ሰዓት ብቻ” ብሎ መጠየቅ ድንገት በዓሉ ዕለት ከማልቀስ ይሻላል። ሊባኖስ ውስጥ ጃንዋሪ 6 የአርመኖች ልደት በመሆኑ የሕዝብ በዓል ነው። ግብፅ ደግሞ ጃንዋሪ 7ን በብሔራዊ በዓልነት ታከብራለች። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አይለፋም።

3. ጾሙን እንደ መንገድ ይጠቀሙበት

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በዘመነ ዮሐንስ ኅዳር 14። ውጭ አገር ይህ ጊዜ ከፈረንጆቹ የግብዣ ወራት ጋር ስለሚገጥም መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ኬክና ሥጋ ይሆናል። ጿሚው ተለይቶ ሲቀመጥ ብቸኝነቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። መፍትሔው ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መጾም ነው። ከሐበሻ ጓደኞችዎ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ሽሮ ወይም ምስር እየሠሩ በተራ መጠራራት ይጀምሩ። በዓሉ ሲደርስ የሚጠራዎት ሰው አስቀድሞ ይኖራል።

ቤተ ክርስቲያኑንም በዚህ ጊዜ ያረጋግጡ። ብዙ የውጭ አገር ምእመናን የኪራይ ሕንፃ ስለሚጠቀሙ አድራሻና ሰዓት ይቀያየራል፤ ካለፈው ዓመት ትዝታ ይልቅ ስልክ ይታመናል። በከተማዎ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሌለ የኤርትራ ወይም የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ይፈልጉ፤ በእምነት አንድ ናቸው፣ በዓሉንም ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ። ሩሲያውያን፣ ሰርቦችና ጆርጂያውያንም በዚያው ዕለት ያከብራሉና ጎረቤትዎ ከእነርሱ ወገን ከሆነ “እንኳን አደረሰህ” የሚባባሉት ሰው አገኙ ማለት ነው። ሰሜን ሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ የተወሰዱት፣ ኋላም “ፋቡላ” የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ባደጉበት አገር ልደት ከአገር ቤቱ ጋር በአንድ ቀን ይውል ነበር።

4. ገንዘቡ ከገበያው ይቅደም

አገር ቤት ላለው ሰው ታኅሣሥ 27 የደረሰ ገንዘብ ዘግይቷል። ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች በሬውን ተነጋግረው የሚያዋጡት ቀደም ብሎ ነው። በግና ዶሮም በመጨረሻው ገበያ ዋጋቸው ይንራል። ባንኮች በበዓሉ ሰሞን ይጨናነቃሉ፤ በዕለቱ ደግሞ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡ ከታኅሣሥ 15 በፊት እንዲደርስ ያድርጉ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ይለያያል። ከመላክዎ በፊት የሁለት ሦስት ባንክ ዋጋ ያነጻጽሩ፤ የላኪውን ድርጅት የአገልግሎት ክፍያም ይቁጠሩበት። ተቀባዩ ከቅርንጫፍ ርቆ የሚኖር ከሆነ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ይቀላል። ከዚህ በፊት ተጠቅመውበት የማያውቁ ከሆነ ግን አስቀድመው በትንሽ ገንዘብ ይሞክሩት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የሚያውቀው ልኮ ያየ ብቻ ነው። ለእናት “ለበዓል” ተብሎ የተላከ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በዓል አይውልበትም። ለማዳበሪያ ይቀመጣል፣ ለታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ይከፈላል፤ እናት ሽሮ በልታ “ጥሩ ዋልን” ትላለች። በጉ እንዲታረድ ከፈለጉ ለአጎት ልጅ ወይም ለጎረቤት ይንገሩና በጉ ተገዝቶ በር ላይ ይታሰር። የታሰረ በግ ለማዳበሪያ አይውልም።

በበዓል ሰሞን “ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ በዚህ ቁጥር ላኪልኝ” የሚል መልእክት ከደረሰዎ ደግሞ ድምፁን ሳይሰሙ አንድ ብር እንዳይልኩ።

5. ሽር ጉዱን ይከፋፈሉ

ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 15። በምዕራቡ ዓለም ሥራ ከሌለዎት ይህ የሽንኩርት ቀን ይሁን። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት በዝግታ ይበስላል፤ ውሃው ሲመጥ ዘይትና በርበሬ ገብቶ ይቁላላል። ይህን ቁሌት በዘይት ሠርተው ፍሪዘር ውስጥ ቢያስቀምጡት ጾምም አይሻርም፣ የዋዜማው ሥራም ይቀልላል። ቅቤው፣ ዶሮውና እንቁላሉ የሚጨመሩት በዋዜማው ነው። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ስለሚፈርስ ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ብቻ ይግባ፤ ከ40 ደቂቃ በላይ እሳት አይፈልግም። አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት የማያውቅ ሰው ለእናቱ ወይም ለእትዬ ደውሎ በቪዲዮ እየታየ ይገንጥል። የሚስቁበት ይስቁበት፤ ሽር ጉድ ማለት ይኸው ነው።

ወጡ እየተሠራ አይቀመስም፤ ጾም ነው። ጨዉን በሽታ የምታውቅ ሴት አገር ቤት አትጠፋም። ውጭ አገር ያለ ጀማሪ ግን ጨዉን አሳንሶ ሠርቶ ከቅዳሴ መልስ ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ድፎ ዳቦው ከዚህ ሁሉ የላቀ ቦታ ይገባዋል፤ ቤቱን በሽታው የሚሞላው እርሱ ነውና። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና ጥቂት ዘይት ይበቃል። 650 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ያቡኩት፤ ሊጡ ከእጅ እስኪላቀቅ ይሹት። ሸፍነው ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ሰዓት ያቆዩት። የአገር ቤቱ ኮባ ባይኖርም በእስያ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ የሙዝ ቅጠል ይሸጣል። የቅጠሉን በረዶ አቅልጠው ይጠቡት፤ እንዳይሰነጠቅም በምድጃው እሳት ላይ አንድ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ያሳልፉት። ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሲለወጥና እንደ ጨርቅ ሲተጣጠፍ ደርሷል። ድስቱን ከሥርና ከጎን አልብሰው ሊጡን ይድፉበት፤ ጫፎቹን ከላይ ያጥፉ፤ ክዳኑን ገጥመው በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት ይጋግሩት። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት። ትኩሱን መቁረስ ያፈርሰዋል።

ከአገር ቤት ስንቅ የሚላክልዎት ከሆነ ቋንጣና ቅቤ አያስልኩ፤ ቋንጣን አሜሪካም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ቅቤን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያግዳሉና ሻንጣው ፍተሻ ላይ ይበረበራል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ያስልኩ፤ ሲገቡም ለጉምሩክ ያስመዝግቡ። ከሰሜን ሸዋ የመጣ ቆሎ ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ልጅ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥበታል።

6. ቤቱን ያሰናዱ፣ የጭስ ጠቋሚውን ያስታውሱ

በዓሉ የሚከበርበት አንድ ጥግ ይኑርዎ። የአንኮበሩ ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ዘመን ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በፌርፊልድ ቤት ሲኖሩ በግቢው ያለውን የመስታወት የአትክልት ቤት ጸሎት ቤት አድርገውት ነበር። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ሰው አንድ ረከቦት፣ አንድ ሥዕልና እፍኝ ሣር ይበቃል። ቄጤማ በማይገኝበት በጃንዋሪ በረዶ የአበባ ሻጭ ቤት ረዣዥም ቅጠል ይሸጣል።

ሁሉም የሚረሳው ነገር ጣሪያው ላይ አለ። ቡና ሲቆላ፣ ሽንኩርት ሲያርና ዕጣን ሲጨስ የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ በአንዳንድ ሕንፃ እሳት አደጋ ድረስ ይጠራል። ባትሪውን ማውጣት በብዙ ቦታ ያስቀጣል፣ አደጋም አለው። ይልቅ ቡናውን ወጥ ቤት፣ ጭስ የሚስበው ማራገቢያ ሥር፣ መስኮት ከፍተው ይቁሉት። ከዚያ መቁያውን ለእንግዶችዎ ያዙሩት፤ የሚፈለገው ሽታው ነው። ዕጣኑ በትንሽ ፍም ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ይሁን።

7. የስልኩን ሰዓት አስልተው ይደውሉ

የበዓል ጥሪ የሚበላሸው በሰዓት ነው። አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል። ጎረቤላ በበዓሉ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ሎስ አንጀለስ በዋዜማው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ለንደን ሌሊት 10 ሰዓት፣ ሮም፣ ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም ሌሊት 11 ሰዓት፣ ቤይሩት ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል። ሪያድ ከእኛ እኩል ናት። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሜልቦርን ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል።

ስለዚህ አሜሪካ ያለ ሰው በዓሉን የሚደውለው በዋዜማው ማታ ነው። ዲሲ እኩለ ሌሊት ላይ ቅዳሴ ሲቆም ጎረቤላ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኖ ቤተሰቡ ገበታ ቀርቧል። ይህን ያላሰበ ሰው ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ተኝቶ ተነሥቶ ሲደውል አገር ቤት መሽቶ እንግዳው ተበትኗል። አውሮፓ ያለ ሰው ግን መቻኮል የለበትም። ጎረቤላ እኩለ ቀን ሲሆን ለንደን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ አገር ቤት ቡናው የሚፈላበት ሰዓት ስለሆነ ሁሉም ይገኛል።

መስመሩንም አስቀድመው ይፈትሹ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳው የለም። ኢሞና ቴሌግራም ላይ ብቻ የተመካ ሰው ያኔ በዓሉን ድምፅ ሳይሰማ ዋለ። የእናትን ተራ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ የጎረቤትንም ይጨምሩ። ቀጥታ ለመደወል የሚያስፈልገውን ገንዘብ አስቀድመው ይሙሉ፤ ለእነርሱም ካርድ ይላኩ። በኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ስለሚታገድ ብዙ ሰው ቦቲም ይጠቀማል፤ አገር ቤት ያለው ስልክ ላይ ከበዓሉ በፊት ይጫን።

ሲደውሉ ምን ይባላል? “እንዴት ናችሁ” ሲባል “ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ተብሎ ያልቃል። ስለዚህ ዝርዝር ይጠይቁ። በጉ ስንት ወጣበት? ውርጩ በረታ? ገብሱ ተወቅቶ ገባ? ጋሼ ዘንድ ማን ተጠራ? ከዚያ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ እንዲያቆሙልዎ ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ሰዎቹ እርስ በእርስ ሲጫወቱ፣ ሲኒ ሲንቃጨል፣ ዶሮ ሲባረር መስማት ከግማሽ ሰዓት ጥያቄና መልስ የበለጠ ከቤት ያገባል። ሳይመረቁም እንዳይዘጉ፤ ትልልቆቹ መርቀው ሲጨርሱ “አሜን” ይበሉ።

8. የማይነገር ነገር ካለ አስቀድመው ይስማሙ

በዓል የሚያጋልጠው አንድ የቆየ ልማድ አለን። ውጭ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ለብቻው ሆኖ እንዳይሰማ ተብሎ መርዶው በአካባቢው ባሉ ወዳጆች፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ እንዲነገረው ይደረጋል። አሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። በገና ጠዋት “አባባን አቅርቡልኝ” ሲባል “ተኝተዋል”፣ በሌላ ጊዜም “ጠበል ሄደዋል” ይባላል። ያ ሰው ስልኩን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር ይውላል።

ይህ እንዳይሆን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይምረጡና በደኅናው ጊዜ ቃል ይግቡ፦ “የሆነ ነገር ቢኖር አንተ ትነግረኛለህ፤ ለዚህም እዚህ ያለው እገሌ አብሮኝ ይሆናል።” ቃል ከተገባ በኋላ “ተኝተዋል” ሲባል በእርግጥም ተኝተዋል ማለት ነው።

በዓመቱ ኀዘን የገባበት ቤት ደግሞ ድምቀት አይጠበቅበትም። ቀብር ሳይደርሱ የቀሩ ከሆነ በበዓሉ ዋዜማ በሟች ስም ለአንድ ችግረኛ ቤት ዱቄትና ዘይት ማስገዛት፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ መላክ እጅን ሥራ ይሰጠዋል። ልቅሶ ቢመጣ ይልቀሱ፤ በዓል ነው ተብሎ አይታፈንም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቀዎ ግን ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ያነጋግሩ። አሜሪካ ውስጥ 988፣ ብሪታኒያ ውስጥ 116 123 ቀንና ሌሊት ይሠራሉ።

9. አንድ ሰው ይጥሩ

በዓል ብቻውን የሚውለው ብዙ ጊዜ ያልተጠራ ሰው ነው፤ ያልተጠራውም ሌሎች ቤተሰብ ያለው ስለመሰላቸው ነው። አገሩን ገና ያልለመደ ተማሪ፣ ወረቀቱን የሚጠብቅ ስደተኛ፣ ሌሊት የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ይፈልጉ። “ብቅ በል” የሚለው ግብዣ አይቆጠርም። “ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ድፎውን የምትቆርሰው አንተ ነህ” ይበሉት። ሥራ የተሰጠው እንግዳ አይቀርም።

ልጆች ካሉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለገና ጨዋታ ወደ ሜዳ ያውጧቸው። የገና ዱላ ባይገኝ የሆኪ ዱላ፣ ሩሩም የቴኒስ ኳስ ይሁን። ሁለት ቡድን ተከፍሎ ኳሷን ከወዲያኛው መስመር ማሳለፍ ነው። በዚህ ጨዋታ ታላቅና ታናሽ፣ አለቃና ምንዝር እንደማይተያይ ይንገሯቸውና አባትየውን ይግጠሙት።

ይህን የምታነበው ከቤት የማትወጣ የሪያድ ወይም የጅዳ ሠራተኛ ከሆነች፣ ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። የላሊበላን በዓል በቀጥታ ሥርጭት በጆሮ ማዳመጫ መከታተል ግን ይቻላል፤ ሰዓቱም ከአገር ቤት እኩል ስለሆነ ሌሊቱን አብሮ ማደር ነው። ከእርሷ ጋር የሚያድሩ ሦስት ጓደኞች በስልክ ቡድን ቢገናኙ ማኅሌቱን ለብቻ አይሰሙትም።

10. የማግስቱን ቀን ባዶ አይተዉት

ብዙዎች የሚወድቁት በማግስቱ ነው። ሥራ ተጀምሯል፣ ስልኩ ዝም ብሏል፣ ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። የተረፈውን ወጥ ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹን ዶሮ ወጥ ለማያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባ በዳቦ ይውሰዱለት፣ ግማሹን ፍሪዘር ያስገቡት። የድፎውን ፎቶ ለእናትዎ ይላኩ፤ “ሥሩ አልበሰለም” ካለችዎ የሚቀጥለውን 10 ደቂቃ ይጨምሩለት። ጥር 11 ጥምቀት ነውና ያኔ ይጋገራል፤ ስለዚህ የተረፈውን የሙዝ ቅጠል አይጣሉት።